ከሐይቅ እስከ ፒያሳ፦ የደሴ ዙሪያ ስሞች ምን ይናገራሉ?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርድ መንገደኛ ከአማርኛ ስም ተነሥቶ ኦሮምኛ ስም ላይ ይደርሳል። ሲነገር እንደኖረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ደሴ ላይ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ ታያቸውና ቦታውን «ደስዬ» አሉት። ሥሩ «ደስ» ነው፤ መድረሻው ላይ ያለው ድምፅ «ልጄ» እና «ቤቴ» ላይ የሚሰማው የባለቤትነትና የፍቅር ድምፅ ነው። ኮምቦልቻ በበኩሉ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው፤ ዛፉን አማርኛ ተናጋሪው አጣጥ ይለዋል። ሐረርጌም ውስጥ ኮምቦልቻ የምትባል ከተማ አለች። ቋንቋው በተጓዘበት ሁሉ ስሙም አብሮ ተጉዟል።

ይህ ጉዞ በአካባቢው ስሞች ላይ ጎልቶ ይታያል። በኦሮምኛ «ወረ» ቤተሰብ፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ እንዲሁም ንጉሥ ሚካኤል የተወለዱበት የገዥዎች ቤት ወረሂመኖ፣ ሁሉም መሬቱን በሰዎቹ የጠሩ ስሞች ናቸው። ወሎ ራሱ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ ከዚያ በፊት አገሩ ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን አንሥቶ ሌላውን መሸሸግ የወሎን ታሪክ በግማሽ ማንበብ ነው።

ጆሮ ግን ብቻውን አይታመንም። ለገሂዳ ላይ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው፤ አዲስ አበባ አጠገብ ያለው ለገጣፎም እንደዚሁ። የአዲስ አበባው ለገሃር ግን ከወንዝ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ የባቡር ጣቢያውን ተከትሎ የመጣ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በድምፅ መመሳሰል ብቻ የቦታን ስም መፍታት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሐይቅ ከተማ ስም ነው። ዛሬ ቃሉ ውሃውን ይጠራል። በግዕዝ ግን ሐይቅ የውሃ ዳርቻ ነው፤ ውሃው ባሕር ይባላል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያው ከውሃው ጋር ነው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ከዳርቻው ወደ ውሃው ተሻገረና በመላው አማርኛ የዚህ ዓይነት ውሃ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የድሮውን ትርጉም የሚያውቅ ሰው የከተማዋን ስም ሲሰማ ከውሃው ይልቅ ዳር ላይ የቆመውን ሰው ያያል።

የደሴ የሰፈር ስሞች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ምስክርነታቸው ግን ግልጽ ነው። ሸዋ በር መንገዱ ወዴት እንደሚያወጣ ይናገራል። ሰኞ ገበያ የገበያውን ቀን ይዟል። ቧንቧ ውሃ ቧንቧ ብርቅ ከነበረበት ዘመን የቀረ ስም ነው። ፒያሳ የጣሊያንን ወረራ ያስታውሳል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ደግሞ አይጠየፍ ይባላል፤ ማንንም አይጠየፍም፣ የመጣውን ሁሉ ያበላል ማለት ነው። ቤት በግስ ሲጠራ እምብዛም አይታይም፤ ይህ ግን የጌታውን ልግስና በአንድ ቃል ይዞ ቀርቷል።

ከአብዮቱ ወዲህ ሰፈሮች በቀበሌ ቁጥር ተመዘገቡ። ደብዳቤና መታወቂያ ቁጥሩን ያዙ፤ መንገድ የሚጠይቅ ሰው ግን ዛሬም ሸዋ በር ይላል። ስሙ በሰው አፍ ተርፏል፤ በጽሑፍ ሲሰፍር ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሐይቅ በ«ሀ» ሲጻፍ ንባቡ አይለወጥም፤ ወደ ግዕዙ ሥር የሚመራው «ሐ» ግን ይጠፋል። ሰሌዳ የሚያሠሩ ማዘጋጃ ቤቶች ቀለም ከመቀባታቸው በፊት ግዕዝ የሚያውቅ መምህርና ኦሮምኛ የሚናገር ሽማግሌ ይጠይቁ፤ ሁለቱም ከደሴ ሩቅ አይደሉም።