ፓምፑ አንድ፣ ሒሳቡ ሦስት!

የዛሬው ደብዳቤ የፍቅር አይደለም፡፡ ከአቃቂ ቃሊቲ የጻፈችልኝ የ23 ዓመት ወጣት ናት፡፡ ስሟን እንዳላወጣ ለምናኛለች፡፡

«እናቴ የአንጀት ካንሰር ይዟት በአንድ የግል ሆስፒታል ኬሞ ትወስዳለች፡፡ ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ፓምፕ ተገጠመላት፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ተነቀለላት፡፡ ሒሳቡ ላይ ግን ‹ኬሞ መስጫ› ሦስት ጊዜ ተጽፏል፡፡ የእማዬን ሀብል ሸጬ ከፈልኩ፡፡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ዙር አለ፡፡ እንዳልጠይቅ እማዬን ፊት እንዳይነሱብኝ ፈራሁ፡፡ ምን ይሻለኛል?»

አይዞሽ እህቴ! መጠየቅ መጣላት አይደለም፡፡ እኔ ስቆጥረው 46 ሰዓት ነው፡፡ ቀኑ ሦስት ይምሰል እንጂ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከገባ ሥራው አንድ ነው፡፡ አሜሪካኖቹ ከ8 ሰዓት በላይ በፓምፕ ለሚሰጥ ኬሞ 96416 የሚባል የሒሳብ ቁጥር አላቸው፤ የሚታሰበው ለማስጀመሪያው ነው፡፡ መሐል ላይ ፓምፑ ከተሞላ ደግሞ የመሙያው ለብቻው ነው፡፡ የእነሱ ቁጥር እዚህ ሕግ አይደለም፤ ጥያቄውን ግን ያስተምረናል፡፡

ስለዚህ ዝርዝር ደረሰኝ ጠይቂ፡፡ ፓምፑ የተጀመረበትና የቆመበት ሰዓት ከነርሷ መዝገብ ይታይልሽ፡፡ ቅዳሜ ተሞልቶ ነበር? ካልሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ‹መስጫ› የምን ነው? የመድኃኒቱ ሚሊግራም ከሐኪሙ ትእዛዝ፣ የብልቃጡ ብዛት ከሒሳቡ ጋር ይመሳከር፡፡ መድኃኒቱን ከውጭ ፋርማሲ ገዝታችሁ ከሆነ እንደገና እንዳትከፍሉ! አልጋ፣ ግሉኮስና ላቦራቶሪ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው፡፡ ሒሳብ ክፍሉ ካልመለሰልሽ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አቅርቢ፣ ኮፒውን ያዢ፡፡ ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ ዋጋውን ቀድመሽ በወረቀት ተቀበይ፡፡

ሌላም አለ፡፡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መንገዱ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው፡፡ ሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ትሄዳላችሁ፡፡ እናንተ ሰፈር ጥሩነሽ ቤጂንግ አለ፤ የካንሰር ሕክምናው ነባር ቤት ደግሞ ጥቁር አንበሳ ነው፡፡ ጤና ጣቢያውን ዘላችሁ ከሄዳችሁ መድኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል፡፡

ብቻ አደራ! ሒሳቡ እስኪጣራ ብለሽ የእማዬን ዙር እንዳታሳልፊ፡፡ ሐኪሟን ሳታማክሪም ሆስፒታል እንዳትቀይሪ፡፡ ሀብል ይተካል እህቴ፡፡ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ፡፡