«ጦም ያደረ መሬት» የምትሉት ማሳ

ይህቺ «ጦም ያደረ መሬት» የምትባል ነገር ሰሞኑን ደግሞ ተመልሳ መጣች። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሥራ ቦታው ከመተከል ፎቶ ለጥፏል። ቁጥቋጦ የዋጠው፣ መሀል መሀሉ ላይ ጉቶ ያቆጠቆጠበት መሬት። ከሥሩ «ይሄ ሁሉ ለም መሬት ጦሙን እያደረ እኛ ስንዴ እንለምናለን» ብሎ ጽፎበታል። ላይኩ ጎርፏል። ልጁን እወደዋለሁ፣ ጎበዝ ነበር፣ ስለዚህ ስሙን አልጠራም። ግን ፎቶው ላይ ያለው ጦም ያደረ መሬት አይደለም። ያረፈ ማሳ ነው።

ጉቶውን አላያችሁትም እንዴ? የጉሙዝ ገበሬ ዱሩን ሲመነጥር ጉቶውን ከነሥሩ አይነቅልም። የቆረጠው ሲደርቅ ያቃጥለዋል፣ አመዱ ላይ ማሽላውን፣ ዳጉሳውን፣ ሰሊጡን ይዘራል፣ ጥቂት ዓመት አርሶ ወደ ሌላ ማሳ ይዞራል። ጉቶው ያቆጠቁጣል። ዱሩ ከዘር ብቻ ሳይሆን ከቆየ ሥር ስለሚነሳ ቶሎ ይመለሳል። ጉቶ የቀረበት መሬት «እመለሳለሁ» ተብሎ የተተወ መሬት ነው። እስኪመለስ ድረስም ሥራ አይፈታም፤ ማገዶው፣ የቤት ማገሩ፣ የክዳን ሣሩ፣ መድኃኒቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። መዠንግሮች ጋ ብትሄዱ ደግሞ ቀፎው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ማር የሚቆረጥበትን ዱር «ባዶ» ብሎ መመዝገብ ምን የሚሉት ሙያ ነው?

ስድቡ አዲስ አይደለም፣ የኛም ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1957 በራሱ መጽሔት ላይ ተዘዋዋሪ እርሻን በእርጥባማ ቆላ አገሮች የእርሻ ምርት ዕድገት ትልቁ እንቅፋት አድርጎ አወጀ። የሚገርመው ምን መሰላችሁ? በዚያው ዓመት ያው ድርጅት የሃሮልድ ኮንክሊንን ጥናት አሳትሟል። ኮንክሊን ፊሊፒንስ፣ ሚንዶሮ ደሴት ላይ ከሃኑኖኦ ሕዝብ ጋር ኖሮ፣ ቋንቋቸውን ለምዶ ያየውን ነው የጻፈው፤ በአንድ ማሳ ላይ እስከ 40 የሚደርስ ሰብል የሚያሰባጥሩ፣ ከ1,600 በላይ የዕፅዋት ዓይነት በስም የሚለዩ ገበሬዎች። አንድ ድርጅት፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ወረቀት። ፖሊሲ ሆኖ የወጣው የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ማሳን ማሳረፍ ለምርት ምን ያደርጋል? መጋዝ ጥርስ የምትመስለዋን ግራፍ ክፍል ውስጥ ያየ ሁሉ ያስታውሳታል። መሬቱ ሲያርፍ ለምነቱ ይወጣል፣ ሲታረስ ይወርዳል፣ ዕረፍቱ ሲያጥር ጥርሱ ወደ ታች ይንሸራተታል። የአፈሩን ሥራ በደንብ ያስቀመጡት ጋና ላይ የሠሩት ናይ እና ግሪንላንድ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1960። ዱሩ ሲያድግ ንጥረ ነገር በቅጠሉና በግንዱ ያከማቻል። ሲቃጠል ናይትሮጅኑና ድኙ ባብዛኛው ወደ አየር ይሄዳሉ፣ ፎስፈረሱ፣ ፖታሲየሙና ካልሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፣ አመዱም የአፈሩን ኮምጣጣነት ያበርዳል። እዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ክርክሩ «ዕረፍቱ በዓመት ባጠረ ቁጥር ምርቱ በዚህን ያህል ይወርዳል» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። የዴንማርኩ ኦሌ መርትስ እ.ኤ.አ. በ2002 ማስረጃ የተባሉትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲመረምር፣ ያንን ዝምድና አጥጋቢ አድርገው የሚያሳዩት ጥቂት ሆነው ነው ያገኛቸው። አይግረማችሁ። የዚያ ዓመት ዝናብ አለ፣ የአፈሩ ዓይነት አለ፣ እሳቱ በደንብ መንደዱ አለመንደዱ አለ፣ አንበጣና ከርከሮ አለ፣ ማሳው የመጀመሪያ ዓመቱ ይሁን ሦስተኛው አለ። ይሄ ሁሉ ተደባልቆ አንድ ሄክታር ላይ ሲቆም የዕረፍቱን ዓመት ለብቻው ነጥሎ ማውጣት ቀላል አይደለም። ሕግ ተብሎ የሚጠቀሰው ግን ለብቻው ተነጥሎ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ አረም መረሳቱ ነው። ብዙ ቦታ ገበሬው ማሳውን የሚለቀው አፈሩ ስለሞተ ሳይሆን አረሙ ስላሸነፈው ነው። ዱር ጥላ ነው፤ ጥላ ሣሩን ይገድላል፣ ዓመት ሲቆይ የአረሙም ዘር ይመናመናል። ዕረፍቱን ስታሳጥሩበት በሄክታር የሚያገኘው ኩንታል ላይወርድ ይችላል፤ ሚስቱና ልጆቹ አረም ላይ የሚጎብጡበት ቀን ግን ይጨምራል። ኤስተር ቦዝሩፕ እ.ኤ.አ. በ1965 ያለችውም ወደዚህ ይጠጋል፤ መሬት ቶሎ ቶሎ ሲታረስ ለአንድ ኩንታል የሚከፈለው ላብ ይበዛል። (እሷም ዴንማርካዊት ናት። ዴንማርኮች በቆላ እርሻ ምን እንዳገባቸው እንጃ።) እኛ በሄክታር ስንት ኩንታል ብለን እንመዘግባለን። በአንድ የሥራ ቀን ስንት ኪሎ ብሎ የሚመዘግብ ቅጽ ያየ እስቲ እጁን ያውጣ።

«ታዲያ ሕዝቡ እየበዛ ለዘላለም ዱር እያቃጠሉ ይኑሩ ነው የምትለው?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አላልኩም። ማዞሪያ መሬት ያነሰበት፣ ዕረፍቱ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ የሆነበት ቦታ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል፤ ጥራጥሬ ማሰባጠር፣ ፍግ፣ የርግብ አተር፣ አዎ ማዳበሪያም። ግን ማሽላን በየዓመቱ በአንድ መሬት ላይ ደጋግመህ ብትዘራ አቀንጭራ ይጠብቅሃል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዓመት ይቆያል። ዕረፍቱ የሚሠራውን ሥራ ሳታውቅ ዕረፍቱን ከቀማህ፣ ያንን ሥራ ማን ይሥራልህ?

ደግሞስ ዕረፍቱን ያሳጠረው ወሊድ ብቻ ነው እንዴ? ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ በለስ ሸለቆ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲያሰፍር፣ ለትራክተሩ የተመነጠረው ዱር የጉሙዞች ማዞሪያም ነበር። ሰፋሪውም ወዶ አልመጣም፣ እሱን አልወቅስም። ጋምቤላ ላይ ደግሞ አኙዋኮችና ኑዌሮች በሚኖሩበት አገር ለካሩቱሪ ብቻ 100,000 ሄክታር ተሰጠ፣ «ሰው ያልነካው መሬት» ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ መንግሥት ራሱ ውሉን ሲያፈርስ የለማው ከተሰጠው ውስጥ ኢምንቱ ነበር። ጦም ያደረ መሬት ለማየት የቸኮለ ካለ፣ ያ ነው።

በመተከል፣ በካማሺ፣ በአሶሳ፣ በመዠንግር የምትሠሩ ልጆቼ፣ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ቀጥሎ መስክ ስትወጡ ባለማሳውን ሦስት ነገር ጠይቁልኝ፤ ይሄ ማሳ ካሁን በፊት ስንት ዓመት አረፈ፣ አምና አረሙ ስንት ቀን ፈጀብህ፣ አባትህስ ስንት ዓመት ያሳርፉት ነበር። መልሱን እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የሰው ስም ሳትጠቅሱ። ፎቶ የሚለጥፍም ጉቶዎቹን አቅርቦ ያንሳቸው።