ልጁን ወደ ሩቅ የሚልክ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ

ልጅን ለትምህርት ከቤት አርቆ መላክ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ልጁን ለዜማ፣ ለቅኔ ወይም ለድጓ ያሰናበተ ቤተሰብ ብዙ ነው። ዛሬም ከገጠር ቀበሌዎች ወደ መካነ ኢየሱስ መጥተው፣ ቤት ተከራይተውና ስንቅ ከቤታቸው እያመላለሱ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ስለዚህ ክርክሩ ልጅን መላክ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ሊሆን አይገባም። ዋናው ጥያቄ፣ ወላጅ ልጁን ከመላኩ በፊት ምን ሊያውቅ ይገባዋል የሚለው ነው። በበኩሌ፣ ወላጅ ልጁን ለመምህር በአደራ ሊሰጥ ይችላል፤ የመጠየቅ ኃላፊነቱን ግን ለማንም አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም እላለሁ።

በመጀመሪያ በቅርብ የምናውቀውን እንመልከት። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በድጓ፣ ዙር አምባም በዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያነት የታወቁ ናቸው። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ እየተማረ ለማዕርግ ይበቃል። ይህ ሥርዓት ትዕግሥትንና ትሕትናን አስተምሯል፤ ታላላቅ ሊቃውንትንም አፍርቷል። ይሁን እንጂ ብዙ ልጆች ወደ ጉባኤ ቤት የሚሄዱት ከወላጆቻቸው ተሰውረው ነው። ተማሪዎች በጠባብ ጎጆ ተፋፍገው በሚያድሩበት ስፍራ ደግሞ ቅማል የሚያስተላልፋቸው እንደ ተስቦና እንደሚያገረሽ ትኩሳት ያሉ በሽታዎች በቀላሉ ይዛመታሉ። ልጁ ያለበትን የማያውቅ ወላጅ መታመሙን ሊሰማ አይችልም፤ ካልሰማም ሊደርስለት አይችልም።

ከዚሁ ከጎንደር ምድር ሌላ ምሳሌ እንጨምር። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ልጆቹን ወደ ሩቅ አገር የአይሁድ ትምህርት ቤቶች መላክ የጀመረው ከመቶ ዓመታት በፊት ነው። ዣክ ፋይትሎቪች የተባሉት አይሁዳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1905 ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን ወደ አውሮፓ ወሰዱ። ታምራት በፈረንሳይና በኢጣሊያ ተምረው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ የተከፈተውንም የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ። ከእርሳቸው በኋላ የሄዱት ዮና ቦጋለም በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው ወገናቸውን በአስተማሪነት አገለገሉ። ነገር ግን በእነዚያ ዘመናት ከተላኩት ወጣቶች መካከል በበሽታ በባዕድ አገር የቀሩም ነበሩ። በቤተ እስራኤል ሥርዓት ደግሞ ከሌላ ሰው ማዕድ መብላት ክልክል ስለ ነበር፣ ልጅን ወደ ውጭ መላክ ለእናትና ለአባት ከናፍቆት በላይ የሆነ ሥጋት ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ሌሎች 27 ወጣቶች እስራኤል ውስጥ ወዳለው ክፋር ባትያ ወደሚባል የወጣቶች መንደር ተላኩ። የሄዱት በቡድን ነው፤ ዓላማውም ተምረው ተመልሰው የየመንደራቸው አስተማሪዎች እንዲሆኑ ነበር። አንድ ልጅ ከአገሩ ልጆች ጋር ሲሄድ የብቸኝነት ሸክሙ ይቀልለታል፤ የሚመለስበትን ምክንያት አውቆ ሲሄድም ልቡ አይባዝንም። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ድረስ በሱዳን በኩል በተደረገው ጉዞ ግን ሁኔታው የተለየ ነበር። ብዙ ልጆች ያለ ወላጅ እስራኤል ደርሰው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች አደጉ፤ ከወላጆቻቸው ጋር እስከ 1991 ድረስ ያልተገናኙም ነበሩ። እነዚያን ወላጆች ችግር አስገድዷቸዋልና ልንወቅሳቸው አይገባም። መጠየቅ የሚችል ወላጅ ሳይጠይቅ ሲቀር ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

በአሜሪካ የሚኖሩ አይሁዶችም ልጆቻቸውን በበጋቸው ወራት፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ፣ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ሰፈር የመላክ ልማድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከኒውዮርክ ከተማ የተጨናነቁ መንደሮች ልጆችን ወደ ሐይቅ ዳር የሚወስድ ሰፈር ተቋቁሞ ነበር። በ1947 ደግሞ ራማህ የሚባለው ሰፈር ዕብራይስጥ የሚነገርበት ሆኖ በዊስኮንሲን ተከፈተ። በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ልጁ ሰንበትን ማክበርን፣ ጸሎትንና መዝሙርን ከእኩዮቹ ጋር ይማራል። ሰፈሩ ከቆሎ ተማሪው ሕይወት ጋር በድሎት አይመሳሰልም። ሆኖም ልንማርበት የሚገባ አንድ ነገር አለው፤ ልጁ የሚሄድበትና የሚመለስበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፤ ወደ ቤቱም ደብዳቤ ይጽፋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች በመነሣት ወላጅ አምስት ነገሮችን ሊያውቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ልጁን የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ፣ ሌሎች ልጆችንስ እንዴት እንደ ያዘ ይወቅ። ሁለተኛ፣ ልጁ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር፣ ጾሙንና በዓሉን እንዴት እንደሚጠብቅ ይረዳ። ሦስተኛ፣ ሲታመም የሚያሳክመው ማን እንደ ሆነ ያረጋግጥ። አራተኛ፣ ወሬው በማን በኩል እንደሚደርሰውና መቼ እንደሚመለስ ይቁረጥ። አምስተኛ፣ የልጁን የራሱን ፈቃድ ይስማ። በተለይም ሴት ልጁን በኪራይ ቤት የሚያስቀምጥ ወላጅ የአከራዩን ጠባይና የመንገዱን ደኅንነት በዓይኑ ሊያይ ይገባዋል።

አንዳንድ ሰዎች፣ «መምህርን ይህን ያህል መመርመር አለማመን ነው፤ ልጁን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ መተው ይሻላል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ «ልጅ ከራቀ ሃይማኖቱንና ባህሉን ይረሳልና ከቤት አይውጣ» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ አደራ ማለት ዝምታ መስሏቸዋል፤ ነገር ግን አደራ የሰጠ ሰው አደራው ስለ ደረሰበት መጠየቁ የተለመደ ነው። ደግ መምህርም ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም። ሁለተኞቹም ቢሆኑ የታምራትንና የዮናን ታሪክ ቢያስታውሱ፣ ርቆ የተማረ ልጅ ለወገኑ ይበልጥ ሊጠቅም እንደሚችል ይረዳሉ። የሚያጠፋው ርቀቱ ብቻ ሳይሆን የጠያቂ ማጣት ነው።

«ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ ጥያቄው የሚቀርበው ልጁ ደጅ ሳይወጣ ነው። ከቤት ርቃችሁ የምትማሩ ተማሪዎችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላችሁ። ስንቅ ሲያልቅ፣ ሕመም ሲጀምር ወይም የምትኖሩበት ቤት ሲከፋ ወላጆቻችን ያዝኑብናል ብላችሁ አትደብቁ። እናት የላከችው ስንቅ ለልጇ መድረሱን ለማወቅ ትሻለች፤ ልጇ በደኅና መኖሩን ማወቅ ደግሞ ከዚያ የበለጠ መብቷ ነው።