አንዱ መግቢያ ሲዘጋ

የሶፍትዌር አበልጻጊዎች በየአገልግሎቱ የከፈቷቸውን አካውንቶች ትተው ወደ አንድ ማዕከላዊ መግቢያ ቢጠቃለሉ ድካማቸው ይቀንሳል፣ ደኅንነታቸውም ይጨምራል የሚለውን ሐሳብ ደፍሮ የሚቃወም እምብዛም አይገኝም። በአገራችንም ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ካገኘ ወዲህ ጉዳዩ ከባለሙያዎች አልፎ የሁላችንም ሆኗል። እኔ ሐሳቡን አልቀበለውም። የማዕከላዊ መግቢያ ጥቅም የሚመዘነው ገብቶ በሚሠራው ሰው ብቻ ነው፤ ደጅ የቀረውን የሚቆጥረው የለም።

ደጅ የቀረው ማን እንደሆነ የምታሳየው የምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ ናት። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ፣ በሱዳን ጦርነት መሀል፣ የአገሪቱ የስልክ ኩባንያዎች የዛይን፣ የሱዳኒና የኤምቲኤን አገልግሎት ተከታትሎ ተቋረጠ። ገዳሪፍ ያኔ በሱዳን ጦር እጅ ነበረች። የኩባንያዎቹ ዋና የመረጃ ማዕከላት ግን ካርቱም፣ ውጊያው መሀል ነበሩ፤ እዚያ ሲዘጋ ሩቁ ምሥራቅም አብሮ ተዘጋ። ጥሬ ገንዘብ ከጠፋ ወዲህ ብዙ ሰው የሚገበያየው በካርቱም ባንክ መተግበሪያ በባንካክ ስለነበር፣ መስመሩ ሲቋረጥ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ያለውም እንደሌለው ሆነ። ሱዳኒ ከቀናት በኋላ መመለስ የጀመረው በፖርት ሱዳን በኩል ነው። ኔትወርክ ያጣው ሰው የስታርሊንክ የሳተላይት ኢንተርኔት ያለው ፈልጎ፣ ከፍሎ ይጠቀም ነበር።

በእነዚያ ቀናት በገዳሪፍ ግዛት፣ በኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አንድ ወጣት አበልጻጊ ነበረ እንበል። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1976 ለኤርትራውያን ስደተኞች የተከፈተ ነው፤ ልጁ እዚያው ተወልዶ ያደገ ሊሆን ይችላል። በስታርሊንክ ኢንተርኔት አገኘ። የማረጋገጫ ኮዱ ግን የሚላከው ኔትወርክ ወደሌለው የዛይን ቁጥሩ ነው። አካውንቶቹ የተለያዩ ቢሆኑ አንዱን በኢሜይል፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ላይ ባስቀመጠው ቁልፍ ይከፍት ነበር፤ ቢያንስ አንዱ ሥራው ይተርፋል። ሁሉም በአንድ መግቢያ ከታሰሩ ግን የጻፈው ፕሮግራምም፣ ደንበኛውም፣ ደመወዙም በአንድ ጊዜ ያመልጡታል። በመተማ አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ቢሻገር እንኳ የድሮው ቁጥር አይሠራለትም፤ አዲስ ሲም ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ማንነቱን የሚያስረዱለት ሰነዶች ያሉት ደግሞ ሊከፍተው ባልቻለው አካውንት ውስጥ ነው። ይህን ልጅ ምንም ጠላፊ አልነካውም። ከሥራው ያፈናቀለው ለደኅንነቱ ተብሎ የተዘረጋው ሥርዓት ነው።

ችግሩን የጦርነት ብቻ የሚያደርግ ካለ ኦክቶበር 4 ቀን 2021ን ያስታውስ። ፌስቡክ በራሱ የጥገና ስህተት ለ6 ሰዓት ያህል ሲጠፋ፣ በፌስቡክ አካውንት ብቻ የሚገባባቸው ሌሎች አገልግሎቶችም ለተጠቃሚው ተዘጉ፤ የኩባንያው መሐንዲሶች ራሳቸው የውስጥ መሣሪያዎቻቸውን መጠቀም ተቸገሩ።

አንድን ማዕከል መጠበቅ መቶ በር ከመጠበቅ ይቀላል፣ የለቀቀ ሠራተኛንም በአንድ ትእዛዝ ማስወጣት ይቻላል ይሉናል። እውነት ነው። ያው ትእዛዝ በስህተት ወይም በጉልበት ሲሰጥ ንጹሑንም የሚያስወጣው በዚያው ፍጥነት ነው።

ስለዚህ ለተጠቃሚው በወረቀት የሚያዝ የመጠባበቂያ ኮድና ከስልክ ቁጥር ጋር ያልተሳሰረ ቁልፍ ሳይሰጡ ወደ ማዕከላዊ መግቢያ ማዘዋወር ማንነትን መንጠቅ ነው። የነባሩ አካውንት መዝጊያ ቀን ከመቆረጡ በፊት አዲሱ መግቢያ ሲሙ ወጥቶ፣ ኔትወርክ በሌለበት ይፈተን። ፈተናውን ካላለፈ ነባሩ አካውንት ክፍት ይቆይ።