«ኔትወርክ ጠፋብኝ»



ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ጉንችሬ፣ ቤተሰብ ጋር ነበርኩ። አንድ ምሽት ከዒሻ በኋላ ቡታጅራ ካለው የዶርሜ ልጅ ጋር በስልክ ኢፉትቦል እንጫወታለን። 3 ለ 1 እየመራኝ ነው፤ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቷል። ዳታዬን አጠፋሁት። ጨዋታው ተቋረጠ። ወዲያው ደወልኩለትና «ኔትወርክ ጠፋብኝ» አልኩት። «የእናንተ አገር ኔትወርክ ደግሞ! ችግር የለም፣ እንደገና እንጀምር» አለኝ። ከ0 ለ 0 ጀመርን።

ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ስክሪኑን ያይ ነበር። ምንም አላለም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን እሱም ከክፍል ጓደኛው ጋር ሲጫወት፣ ሊሸነፍ ሲል አውራ ጣቱ ዳታው ላይ አረፈች። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ፤ «ኔትወርክ ጠፋ!»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ፈገግታ ነው።

በግቢያችን የጌም ማጭበርበር ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ሌላውን ሰው ነው። በቴሌግራም የሚዞረውን «ሞድ» ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር የሚጭነውን፣ ከግድግዳ ጀርባ ያለ ተጫዋች የሚታየውን፣ ሳያነጣጥር የሚመታውን። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ አይከፋም። ኔትወርክ ስለሚዘገይ፣ ጨዋታው ገና ያላየነውን ተጫዋች ቦታ ቀድሞ ወደ ስልካችን ይልካል፤ ብቅ ሲል ወዲያው እንዲታየን። ስልካችን ያውቃል፣ እኛ ግን አናውቅም። ማጭበርበሪያው ያንን የተደበቀ መረጃ ከስልኩ ውስጥ አንብቦ ስክሪን ላይ ያወጣዋል። በእኛ ቋንቋ አማናን መብላት ነው፤ እጃችን ላይ የተቀመጠ፣ ግን የእኛ ያልሆነ ነገር።

ከጀርባው ትልቅ ንግድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይና ፖሊስ ከቴንሰንት ኩባንያ ጋር ሆኖ የበተነው አንድ የማጭበርበሪያ ሻጮች ቡድን ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር ገቢ እንዳገኘ ተዘግቧል። ፐብጂ ሞባይል ሲያጭበረብር የያዘውን አካውንት ለ10 ዓመት ያግዳል። እኛ ዘንድ በነጻ የሚታደለው ፋይልም ዋጋ አለው፦ ማን እንደሠራው የማናውቀውን ነገር ቴሌብራችን ባለበት ስልክ ላይ እየጫንን ነው።

ዳታ ማጥፋት ግን ፋይልም ሆነ ብር አይፈልግም። አጥፊውንም የሚይዘው የለም። ኔትወርክ በእውነት በሚጠፋበት አገር፣ «ኔትወርክ ጠፋብኝ»ን የሚጠራጠር ማን አለ? ጓደኛዬ ያመነኝ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሙስሊም ወንድሙን በመልካም ስለጠረጠረ ነው። እኔ ያታለልኩት ያንን መልካም ጥርጣሬውን ነው።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ምን ይካበዳል?» የሚል ይኖራል። (ተሸናፊ ይክፈል የሚባል ውርርድ ካለበት የቁማር ጥያቄ ይመጣል፤ እሱን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ጨዋታ ነው ብለው አልተዉትም። ቡኻሪ እንደዘገቡት መዲና ላይ ፈረሶችን ሲያወዳድሩ ለውድድር የተዘጋጁትን ከሐፍያእ እስከ ሠኒየቱል ወዳዕ፣ ያልተዘጋጁትን ደግሞ ከዚያ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ፣ አጭሩን መንገድ እንዲሮጡ አደረጉ። ሁሉም ከአቻው ጋር። እዚያው ቡኻሪ ውስጥ የግመላቸው የዐድባእ ታሪክም አለ። ማንም የማይቀድማት ግመል ነበረች። አንድ የገጠር ዐረብ በወጣት ግመሉ ቀደማት። ሶሓቦች ከፋቸው። እሳቸው ግን በዱንያ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ዝቅ መደረጉ የአላህ ሥርዓት መሆኑን ነገሯቸው። የአላህ መልእክተኛ ሽንፈትን እንዲህ ተቀበሉ። እኔ 3 ለ 1 ከበደኝ።

ጉንችሬ ገበያ ቆጮ የሚገዛ ሰው ከላይ ያለውን አይቶ ብቻ አይከፍልም፤ እጁን ወደ ሥር ይሰዳል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ ሲያስገቡ ጣታቸው እርጥብ ነካ። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ልብ በሉ፣ ያ ሰው የተናገረው ዝናብ በእርግጥ ዘንቦ ነበር። ጥፋቱ መደበቁ ነው። የእኔ ኔትወርክ ግን ጭራሽ አልጠፋም።

ወንድሜ ከሁለት ዓመት በኋላ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይቀመጣል። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አፈትልኮ ሲወጣ መላው የመግቢያ ፈተና ተሰረዘ፤ መልሱን ያላየውም ተማሪ እንደገና ተፈተነ። የ2014 ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ከቤታቸው ርቀው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። መተማመን ሲጠፋ ዋጋውን ሁሉም ይከፍላል፣ ያላጭበረበረውም ጭምር። ጌምና ፈተና አንድ አይደሉም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ወንድሜ ግን ከእኔ የተማረው ጌም አይደለም። የማይታወቅ ከሆነ ማድረግ ይቻላል የሚለውን ነው የተማረው።

ይህ ደግሞ የጾም ተቃራኒ ነው። በረመዷን የዶርም በር ዘግቶ ውሃ ቢጠጣ ማንም የማያውቅበት ሰው አይጠጣም፤ አንዱ ያውቃልና። ዳታው ላይ የምታርፈውን ጣትም ያያታል።

ስለዚህ ለራሴም ለእናንተም የምለው ይህ ነው። ሞዱ ስልካችን ላይ ካለ እናጥፋው። ከመጀመራችን በፊት ደግሞ እንስማማ፦ ጨዋታ በማንኛውም ምክንያት ከተቋረጠ በነበረው ውጤት ይጽና። ያኔ ኔትወርክ በእውነት ቢጠፋም የሚጠረጠር አይኖርም፤ ለማጥፋትም ምክንያት አይኖርም። ያታለልነው ሰው ካለ እንንገረው። የሰው ሐቅ ያለበት ተውባ ከባለቤቱ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።

እኔ ከጉንችሬ ከመመለሴ በፊት ለዶርሜ ልጅ ደወልኩ፤ ወንድሜ እየሰማ። ዝም ብሎ አዳመጠኝና ሳቀ። «አውፍ ብያለሁ። ግን 3 ለ 1 ተሸንፈሃል፣ መዝግበው» አለኝ። መዝግቤዋለሁ።

አላህ ሰው ሲያየንም ሳያየንም አንድ ዓይነት ያድርገን። አሚን።