ካሴቶቹ ሳይበላሹ

በናሕሊኤል ብዙ ቤቶች የሠርግና የስግድ በዓል ቪዲዮ ካሴቶች ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ማጫወቻው ተበላሽቷል፤ ካሴቱም በዕድሜ ብዛት ይጎዳል። እነዚህን ለማዳን ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ካሴቶቹ በዲጂታል ከተገለበጡ በኋላ ከቢሮ የወጣች፣ መጽሐፍ የምታህል ያገለገለች ኮምፒውተር ትበቃለች። ጄሊፊን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሲጫንባት ፊልሙን በቤት ዋይፋይ ወደ ሳሎኑ ቴሌቪዥን ታስተላልፋለች። ወርኃዊ ክፍያ የለውም፤ መብራትም ብዙ አትፈጅም። ግን ኮምፒውተርም ይበላሻልና ሌላ ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ።

ወላጆች ሆይ፣ ሥራውን ለልጆቻችሁ ስጡ፤ ሙያም ይማሩበታል። አያቶችም አጠገባቸው ተቀምጠው በፊልሙ ላይ የሚታየው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይንገሯቸው፤ ልጆቹም ይጻፉት። ፊልሙን ኮምፒውተር ያቆየዋል፤ ስሙን የሚያውቁት ግን አያቶች ብቻ ናቸው።