10 ሳንቲም ላይ ያለውን እንስሳ ታውቀዋለህ?

ወገኔ፣ እስቲ ቤት ውስጥ የቀረች 10 ሳንቲም ካለች ፈልግና ገልብጠህ እያት። በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ ነው። በሌላው በኩል ያለው ቀንዳም እንስሳስ? የደጋ አጋዘን ይባላል። ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የትም አይገኝም። ሳንቲሟ ከኪሳችን ስትጠፋ ማንም አላለቀሰም። እንስሳውም በዚያው መንገድ እየሄደ ነው፤ እኛ ደሞ ፕሮፋይላችን ላይ ባንዲራ እንቀያይራለን።

ሌላውን ለመስደብ አይደለም፣ ከራሴ ልጀምር። አራት ዓመት የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተምሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ብሔራዊ ፓርክ አልወሰዱንም። ቀይ ቀበሮን የማውቃት ፎቶ ኮፒ በተደረገ ሃንድአውት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ጥቁር ነበረች! ተመርቄ የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባሌን ያየሁትም የሮቤ ልጅ የሆነው የዶርም ጓደኛዬ "እኛ ጋ መጥተህ ሰንብት" ስላለኝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዲንሾ ወረድን። ከኮሶውና ከጥዱ ሥር አጋዘኖቹ ቆመው ያዩሃል። አንድ አስጎብኚ አባት "ለጥናት ነው የመጣኸው ልጄ?" አሉኝ። "አይ፣ ለማየት ነው" ስላቸው ሳቁ። "የራሳችን ሰው ለማየት ብቻ ሲመጣ ብዙም አላጋጠመኝ" አሉ። አፈርኩ።

በማግስቱ ከጎባ ተነስተን ሳነቴን ወጣን። ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጅብራው እዚህም እዚያም ተገትሯል። ቀይ ቀበሮዋን መንገድ ዳር አይጥ ስታድን አየኋት፤ እውነትም ቀይ ናት። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ጨርሷቸዋል። ከዚያ መኪናው ቁልቁል ወደ ሀረና ደን ገባ። ብርዱ ቀረ፣ ሰማዩ በዛፍ ተሸፈነ። ቡና ማንም ሳይተክለው እዚያ ጫካ ውስጥ ይበቅላል።

አንዳንዱ "ፓርክ የፈረንጅ መዝናኛ ነው" ይላል። እንዲህ እያልን እኮ ነው ለፈረንጅ የተውነው! አጋዘኑን ሳይንስ የሚጠራው በፈረንጆቹ 1908 ተኩሶ በጣለው እንግሊዛዊ፣ በቡክስተን ስም ነው። የአካባቢው ገበሬ አብሮት ሲኖር የኖረውን እንስሳ!

ሌላው ደሞ "ሕዝብ እየተራበ ስለ ቀበሮ ታወራለህ?" ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልስ አለው። ወይብ፣ ገናሌና የዋቢ ሸበሌ ገባሮች ከእነዚህ ተራሮች ነው የሚነሱት። ቆላ ያለው አርብቶ አደር፣ እስከ ሶማሊያ ድረስ፣ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚህ ውሃ ነው። ደኑ ተቃጥሎ ካለቀ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ ደኑን መጠበቅ ራሱ እንጀራ ነው። ቀፎ የሚሰቅለው የባሌ ገበሬም ጠላታችን አይደለም። ግን ከፓርኩ ገቢ ቤሳ ሳያይ ጠብቅ ማለት ግፍ ነው።

መስከረም 2016 ዩኔስኮ ባሌን የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ ሁላችንም ሼር አደረግን። በማግስቱስ? ረሳነው።

የምንጠይቀው ግልጽ ነው። የተፈጥሮ ሀብትና የባዮሎጂ ተማሪ ፓርክ ሳይረግጥ አይመረቅ። እቤት የተቀመጠው ምሩቅ ከአካባቢው ወጣት ጋር ሆኖ ውሻ በማስከተብ፣ በጥበቃና በማስጎብኘት ሥራ ይሰማራ። ሥራ የለም አትበሉን፤ ሥራው ተራራው ላይ ተቀምጦ ሰው እየጠበቀ ነው።

አንተም "ብር የለኝም" ትለኛለህ። እኔም የለኝም። ግን ጎንደር ካለህ ሰሜን ተራሮች ቅርብህ ነው፣ አርባ ምንጭ ካለህ ነጭ ሳር፣ አዲስ አበባ ካለህ መናገሻ ሱባ። በዓመት አንድ ጊዜ አይከብድም።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ወርቁን ገና አላየነውም። ያላየኸውን ሀገር እሞትለታለሁ አትበል፤ መጀመሪያ ሂድና እየው።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር! ሼር አድርጉት፣ የሄዳችሁ ደሞ ያያችሁትን ጻፉልን።